ከቀዶ ሕክምና በኋላ የአረጋውያን መቃዠትና የሆስፒታሉ ሌሊት

አንድ የሰባ አምስት ዓመት አባት የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ይገባሉ። ቀዶ ሕክምናው በጥሩ ሁኔታ ይጠናቀቃል፤ ቤተሰቡም እፎይ ይላል። በሁለተኛው ሌሊት ግን አባት ከአልጋቸው ለመነሣት ይታገላሉ፣ ክንዳቸው ላይ የተሰካውን ግሉኮስ ይነቅላሉ፣ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጃቸውን ከዓመታት በፊት በሞተችው እኅታቸው ስም ይጠራሉ። ጠዋት ሲሆን ረጋ ብለው ስለ ቤታቸው ይጠይቃሉ፤ ማታ ላይ እንደገና ይቃዣሉ። ይህ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ሳይሆን በየሆስፒታሉ ተኝቶ መታከሚያ ክፍል በተደጋጋሚ የሚታይ ሁኔታ ነው።

ቤተሰብ በእንዲህ ያለ ጊዜ በአብዛኛው ከሁለት ማብራሪያዎች አንዱን ይይዛል፦ «ማደንዘዣው ጭንቅላታቸውን ነካው» ወይም «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል»። የመጀመሪያው ጥፋቱን ለአንድ መድኃኒት ይሰጣል፤ ሁለተኛው ነገሩን እንደማይቀር ዕጣ ይቀበላል። ሁለቱም ግን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ምርምር ካሳየው ጋር በደንብ አይገጥሙም። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከእነዚህ ሁኔታዎች እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን መከላከል እንደሚቻል ገልጿል። ከመከላከያዎቹ መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እንቅልፍ ነው።

መቃዠት በሐኪም ቋንቋ

ሕክምናው ለዚህ ሁኔታ የሰጠው ስም ደሊሪየም ነው። ደሊሪየም በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ በድንገት የሚጀምር፣ በቀኑ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚል የአእምሮ መታወክ ሲሆን ዋናው ምልክቱ ትኩረትን መሰብሰብ አለመቻል ነው። ከመርሳት በሽታ፣ ማለትም ከዲሜንሺያ፣ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ዲሜንሺያ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ሲሆን ደሊሪየም ግን ትናንት ያልነበረ ነገር ነው። ሐኪሞችና ነርሶች በስፋት የሚጠቀሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የተዘጋጀ አጭር መመዘኛ አራት ነገሮችን ይጠይቃል፦ በድንገት መጀመሩንና መዋዠቁን፣ ትኩረት መታጣቱን፣ ሐሳብና ንግግር መዘበራረቁን፣ የንቃት መጠን መለወጡን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተገኝተው ከቀሩት አንዱ ከተጨመረ ደሊሪየም ነው ይባላል።

ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች በቀጠሮ ከሚደረግ ከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት፣ እንደ ዳሌ ስብራትና ልብ ቀዶ ሕክምና ባሉት ደግሞ እስከ ግማሽ የሚደርሱት ይህ ያጋጥማቸዋል። ከዚህም ውስጥ የሚጮኸውና ግሉኮስ የሚነቅለው ሕመምተኛ ወዲያው ይታያል። የማይታየው ሌላኛው መልክ ነው፦ ዝም ብለው ቀኑን ሙሉ የሚያንቀላፉ፣ ሲጠሩ ዘግይተው የሚመልሱ፣ ጉርሻ አፋቸው ውስጥ ይዘው የሚረሱ አረጋዊ። ቤተሰብም አንዳንዴም ባለሙያው «ዛሬ ደግሞ ደህና ተኝተዋል፣ አትቀስቅሷቸው» ይላል። ፀጥተኛው ደሊሪየም እንደ ዕረፍት ስለሚቆጠር ዘግይቶ ይታወቃል። ስለዚህ ስለ እንቅልፍ ስንነጋገር መለየት ያለብን የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ሌሊት የሚመጣ እንቅልፍ ጤናን ይመልሳል፣ በቀን የሚመጣ ያልተለመደ መፍዘዝ ግን ሐኪም የሚያስጠራ ምልክት ነው።

ደሊሪየም አልፎ የሚሄድ ችግር ብቻም አይደለም። በቦስተን አካባቢ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ የሆኑ 560 ሰዎችን ከቀጠሮ ቀዶ ሕክምና በኋላ እስከ ስድስት ዓመት የተከታተለና ውጤቱ በ2023 የወጣ ጥናት፣ ደሊሪየም ያጋጠማቸው ሰዎች የማሰብና የማስታወስ ችሎታ ካላጋጠማቸው ይልቅ 40 በመቶ በፈጠነ መጠን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ደሊሪየሙ ራሱ አእምሮን ጎድቶ ነው ወይስ አስቀድሞ የተዳከመን አእምሮ ገልጦ ነው የሚለው አሁንም ያከራክራል። በእኔ እይታ ሁለቱም በየድርሻቸው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሁለቱም መንገድ ግን ክስተቱን በቸልታ ማለፍ አይቻልም።

ማደንዘዣው ነው ወይስ ሌላ?

ስለ ማደንዘዣ ያለው ጥርጣሬ መሠረት የለውም ባይባልም፣ በሰፊው በሚነገርበት መልኩ ግን ፈተናውን አላለፈም። ሙሉ ማደንዘዣ ለአእምሮ መጥፎ ከሆነ፣ ወገብ ላይ ተወግተው ከወገብ በታች ብቻ ደንዝዘው የሚታከሙ ሰዎች ያነሰ ሊቃዡ ይገባ ነበር። በአሜሪካና በካናዳ 1,600 የዳሌ ስብራት ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለቱ ዘዴዎች መድቦ በ2021 ውጤቱን ያወጣ ትልቅ ጥናት ግን በሁለቱም ወገን ደሊሪየም ያጋጠማቸው አንድ አምስተኛ ያህል ሆነው ልዩነት አላገኘም።

ማደንዘዣን «ማስተኛት» ብለን መጥራታችን ሌላ ግራ መጋባት ፈጥሯል። በሙሉ ማደንዘዣ ሥር ያለ ሰው አንጎል እንቅልፍ ላይ ካለ ሰው አንጎል ይልቅ ራሱን ስቶ ከወደቀ ሰው አንጎል ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ መድኃኒቱ ሲቆም መመለሱ ነው። የተፈጥሮ እንቅልፍ ደረጃዎቹን እየተፈራረቀ፣ ከጥልቅ እንቅልፍ ወደ ሕልም እንቅልፍ፣ ከዚያም ተመልሶ በየአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይዞራል። ማደንዘዣ ይህን ዑደት አይሠራም። ስለዚህ «አራት ሰዓት ሙሉ ተኝተው ነበር» ተብሎ የሌሊቱ እንቅልፍ እንደ ተከፈለ ሒሳብ ሊታይ አይችልም።

እንዲያውም ማደንዘዣ የሰውነትን የውስጥ ሰዓት ሊያዛባ እንደሚችል የሚጠቁም አንድ ደስ የሚል ሙከራ አለ። በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት የማር ንቦችን በቀን ለሰዓታት አደነዘዙ። ንቦች ወደ አበባ የሚበሩበትን አቅጣጫ የሚያሰሉት ፀሐይ በዚያ ሰዓት የት መሆን እንዳለባት በማወቅ ነው፤ የነቁት ንቦች ግን ሰዓቱ ያላለፈ ይመስል አቅጣጫቸውን ስተው በረሩ። ንብ ሰው አይደለችም፤ ሆኖም ከቀዶ ሕክምና የነቃ አረጋዊ «አሁን ጠዋት ነው ማታ?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው የውስጥ ሰዓቱ መናጋት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያስታውሰናል።

ሌሊቱ እንዴት ይሰበራል?

ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሌሊቶች ጥልቁ እንቅልፍና የሕልም እንቅልፍ እጅግ ያንሳሉ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋሉ። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሌሊት ባለው ጊዜ የሕልም እንቅልፍ በብዛት ተመልሶ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ቅዠትና የአተነፋፈስ መዛባት ሊበረታ ይችላል። የዚህ ምክንያት አንድ አይደለም። ቁስሉ በሰውነት ውስጥ የሚቀሰቅሰው ብግነት አለ፤ የጭንቀት ሆርሞኖች ከፍ ይላሉ፤ ሕመም አለ፤ ሕመሙን የሚያስታግሱት እንደ ሞርፊን ያሉ መድኃኒቶችም ራሳቸው ጥልቁን እንቅልፍ ይቀንሳሉ። አረጋውያን ደግሞ ወትሮም ጥልቅ እንቅልፋቸው የሳሳ ነው፤ ከጥቂቱ ላይ ሲቀነስ የሚቀረው እጅግ ትንሽ ይሆናል።

በዚህ ላይ ሆስፒታሉ ይጨመራል። ስድስትና ስምንት አልጋ ባለበት ክፍል አንድ ሌሊት ምን እንደሚመስል ማሰብ ይበቃል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራቱ እንደበራ ነው፤ የመጨረሻው ጠያቂ ገና አልወጣም። አምስት ሰዓት ላይ የጎረቤት አልጋ ሕመምተኛ ያቃስታል። ስድስት ሰዓት ላይ የደም ግፊትና ሙቀት ይለካል። ስምንት ሰዓት ላይ የኦክስጅን መሣሪያው ይጮኻል፤ ጣት ላይ የተሰካው መለኪያ ወልቆ ነው። ዐሥር ሰዓት ላይ የአንቲባዮቲክ መርፌ ሰዓት ደርሶ መብራቱ እንደገና ይበራል፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደም ይቀዳል፤ ሲነጋ ክፍሉ ይጸዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው የድምፅ መመሪያ በሆስፒታል ክፍሎች ውስጥ የሌሊት ድምፅ በአማካይ ከ30 ዴሲቤል፣ ማለትም ከሹክሹክታ ብዙም ከማይበልጥ መጠን፣ እንዳያልፍ ይመክራል። በብዙ አገሮች የተለኩ ሆስፒታሎች፣ ሀብታሞቹም ጭምር፣ ከዚህ በእጅጉ ያልፋሉ።

ቀኑም ለሌሊቱ አያግዝም። ሕመምተኛው ከመስኮት ርቆ፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ ከአልጋ ሳይወርድ ይውላል። የሰውነት ሰዓት የሚስተካከለው ግን በጠዋት ብርሃንና በእንቅስቃሴ ነው። ቀንና ሌሊቱ አንድ ዓይነት የሆነበት አእምሮ ሁለቱን መለየት ቢያቅተው ሊያስደንቀን አይገባም።

እንቅልፍ ማጣት አእምሮን የሚጎዳው በምን መንገድ ነው?

በጣም የታወቀው ማብራሪያ የአንጎል «ጽዳት» ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 በአንጎል የደም ሥሮች ዙሪያ የሚፈስ ፈሳሽ ቆሻሻን እንደሚያወጣ ገልጸው ግሊምፋቲክ የሚል ስም ሰጡት፤ በ2013 ደግሞ በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ ይህ ፍሰት በእንቅልፍ ጊዜ እንደሚበረታ፣ ከአልዛይመር በሽታ ጋር የሚያያዘው አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲንም በፍጥነት እንደሚወጣ ዘገቡ። ይህ ሐሳብ በማኅበራዊ ሚዲያ «አንጎል የሚታጠበው ሲተኛ ነው» ተብሎ እንደ ተረጋገጠ ነገር ይነገራል። ነገር ግን በ2024 በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች የወጣ የአይጥ ጥናት የተገላቢጦሹን፣ ማለትም በእንቅልፍና በማደንዘዣ ጊዜ ማጽዳቱ እንደሚቀንስ፣ አግኝቷል። ክርክሩ ገና አልተዘጋም፤ ስለዚህ ሙሉ መከራከሪያን በዚህ ላይ መመሥረት ጥንቃቄ ይጎድለዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ቅደም ተከተሉን የሚመለከት ነው። እንቅልፍ ማጣት ደሊሪየምን ያመጣል ወይስ ገና ያልታየ ደሊሪየም አስቀድሞ እንቅልፍን ያዛባል? የእንቅልፍ መዛባት ከደሊሪየም ምልክቶች አንዱ ስለሆነ በተራ ክትትል ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። አሳማኙ ማስረጃ የሚመጣው እንቅልፍን አሻሽሎ ደሊሪየም መቀነሱን ከሚፈትሹ ሙከራዎች ነው፤ እነዚህ ደግሞ በመድኃኒትና ያለ መድኃኒት ሲደረጉ የተለያየ ነገር ነግረውናል።

ክኒኑ ለምን መልስ አልሆነም?

«እንቅልፍ አጥተው ከሆነ የእንቅልፍ መድኃኒት ይሰጣቸው» የሚለው ጥያቄ ከቤተሰብ የሚመጣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ የማስተኛ መድኃኒቶች አእምሮን ማደብዘዛቸው ነው። ዲያዜፓምና ዘመዶቹ፣ እንዲሁም እንቅልፍ ስለሚያመጡ ብቻ የሚሰጡ እንደ ዳይፈንሃይድራሚን ያሉ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ ለአረጋውያን እንዳይሰጡ ከሚመከሩት መካከል የሚቆጠሩት ደሊሪየምንና መውደቅን ስለሚያበዙ ነው። ለሕመም የሚሰጠው ፔቲዲንም በዚሁ ይወቀሳል። እዚህ ላይ አንድ ልዩ ሁኔታ መጥቀስ ግድ ነው፦ በየዕለቱ አረቄ ወይም ሌላ መጠጥ የሚጠጡ ሰው ሆስፒታል ገብተው በድንገት ሲያቆሙ የሚመጣው መቃዠት ለሕይወት አደገኛ ነው፤ በዚያ ጊዜ የዲያዜፓም ዓይነት መድኃኒት አስፈላጊ ይሆናል። ቤተሰብ በሐፍረት የመጠጡን ነገር ከሐኪም ሲደብቅ ሐኪሙ የተሳሳተ መንገድ እንዲይዝ ያደርጋል።

ሰውነት ራሱ በጨለማ ጊዜ የሚያመነጨው ሜላቶኒን ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ2014 በኔዘርላንድስ በዳሌ ስብራት ታካሚዎች፣ በ2022 በአውስትራሊያ 850 የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚዎች ላይ የተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች ግን ደሊሪየምን ሲቀንስ አላዩም። ዴክስሜዴቶሚዲን የተባለው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት የተሻለ ታሪክ አለው፤ ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ተፈጥሮ እንቅልፍ የሚጠጋ ሁኔታ ይፈጥራል። በቤይጂንግ 700 አረጋውያን ላይ ተደርጎ በ2016 የወጣው ሙከራ ደሊሪየምን ከ23 ወደ 9 በመቶ አወረደ። በ2020 በአሜሪካ በልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ የወጣው ትልቅ ሙከራ ግን ጥቅም አላገኘም፤ እንዲያውም ቁጥሩ በመድኃኒቱ ወገን 17፣ በንጽጽሩ ወገን 12 በመቶ ነበር። ይህ ልዩነት መድኃኒቱ ይጎዳል ለማለት ባይበቃም ሁሉም ሕመምተኛ ይሰጠው ለሚሉት ጥሩ ዜና አልነበረም። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚያወርድም የቅርብ ክትትል በሌለበት ተራ ክፍል የሚሰጥ አይደለም።

ትኩስ ወተት፣ የጀርባ ማሸትና የደበዘዘ መብራት

ከመድኃኒት ውጪ ያለው ታሪክ የሚጀምረው በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ከተሠራ ሥራ ነው። የአረጋውያን ሐኪሟ ሻሮን ኢኖዬና ባልደረቦቿ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 852 ሕመምተኞችን ተከታትለው በ1999 ባወጡት ጥናት፣ በተለመደው እንክብካቤ 15 በመቶ የነበረው ደሊሪየም በአዲሱ ፕሮግራም 9.9 በመቶ ሆነ። የእንቅልፍ ክፍሉ ሲታይ ቀላልነቱ ያስገርማል፦ በመኝታ ሰዓት ትኩስ ወተት ወይም የዕፅ ሻይ፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ፣ የጀርባ ማሸት፤ በክፍሉ ውስጥ ደግሞ ድምፅ መቀነስ፣ መድኃኒትና ልኬታ የሚሰጥበትን ሰዓት ሌሊቱን እንዳይሰብር አድርጎ ማስተካከል። ከዚህ ጋር ቀንና ቦታን ማስታወስ፣ ቶሎ ከአልጋ ማንሣት፣ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ማድረግ፣ በቂ ውኃ ማጠጣት ነበሩበት።

ያ ጥናት የተደረገው በቀዶ ሕክምና ሳይሆን በውስጥ ደዌ ታካሚዎች ላይ ነው። ፕሮግራሙ ለቀዶ ሕክምና ሲስተካከል የተገኘው ውጤት ግን ይበልጥ ትኩረት ይስባል። በቻይና በቼንግዱ ከተማ ባለ ሆስፒታል 281 አረጋውያን የተሳተፉበትና በ2020 የወጣ ሙከራ ሥራውን ከነርሶች ጋር ለቤተሰብ አባላት አከፋፈለ፤ ደሊሪየም በተለመደው እንክብካቤ 19.4 በመቶ ሲሆን በቤተሰብ በታገዘው 2.6 በመቶ ብቻ ሆነ። አንድ ሆስፒታል ላይ የታየ ትልቅ ልዩነት ሌላ ቦታ ሲደገም ማነሱ የተለመደ ነው። ኮክራን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው ድርጅት በ2021 በብዙ ሙከራዎች ድምር ላይ ተመሥርቶ የሰጠው ግምት ለዘብ ያለ ነው፦ ብዙ ነገሮችን አንድ ላይ የያዙ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ደሊሪየምን በ43 በመቶ ገደማ ይቀንሳሉ፤ ከክፍሎቻቸው መካከልም ቀንና ቦታን ማስታወስ፣ አእምሮን የሚያነቃቃ ጨዋታና የእንቅልፍ እንክብካቤ ከጥቅሙ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል።

የሚጠራጠሩ ወገኖች ተገቢ ጥያቄ አላቸው። በታይዋን ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ የተሞከረና በ2017 የወጣ ፕሮግራም በሦስት ነገሮች ብቻ፣ ማለትም በማነጋገር፣ በአፍ ንጽሕናና በምግብ፣ እንዲሁም ቶሎ ከአልጋ በማንሣት፣ ደሊሪየምን ከ15.1 ወደ 6.6 በመቶ አውርዷል፤ እንቅልፍ ከሦስቱ አንዱ አልነበረም። ታዲያ እንቅልፍ ለብቻው ምን ያህል ይሠራል? ትክክለኛው መልስ ለብቻው ይህን ያህል ነው ብሎ መቁጠር አለመቻሉ ነው። ነገር ግን ቀን የተነጋገረ፣ የበላና የተራመደ ሰው ማታ ይተኛል፤ ማታ የተኛ ሰው ቀን ይራመዳል። ክፍሎቹን ነጣጥሎ መመዘን ለተመራማሪ ያስፈልገዋል፤ አልጋው አጠገብ ግን ሁሉም የአንድ ቀንና ሌሊት ክንውኖች ናቸው።

አስታማሚው እንደ ሕክምና ኃይል

ይህ ለኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ቀጥተኛ ትርጉም አለው። የአሜሪካው ፕሮግራም የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞችን ፈልጎ ያሰማራል፤ በእኛ ዘንድ አስታማሚ አስቀድሞ አልጋው አጠገብ አለ። ምግብ የሚያጎርሰው፣ መድኃኒት ከፋርማሲ የሚያመጣው፣ ወለል ላይ ጋቢ ተከናንቦ የሚያድረው እሱ ነው። የጎደለው ሰው ሳይሆን ለዚያ ሰው የሚነገረው ነገር ነው። ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ ማብራሪያ ብዙ ይለውጣል፦ ጠዋት መጋረጃውን ክፈት፤ አባትህን ቀኑንና ያሉበትን ቦታ ሳትፈትን፣ እንደ ጨዋታ አድርገህ ንገራቸው፤ መነጽራቸውን ከሻንጣው አውጣ፤ ሐኪም ከፈቀደ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይብሉ፤ ከሰዓት በኋላ ረጅም እንቅልፍ እንዳይተኙ አጫውታቸው፤ ማታ ስልክህን ድምፅ አልባ አድርግ።

የጠያቂ ብዛት ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ነው። የታመመን መጠየቅ ትልቅ ደግነት ነው፤ የሚታወቅ ፊትና ድምፅም ለግራ ለተጋባ አእምሮ መድኃኒት ነው። ዐሥር ሰው በአንድ ጊዜ አልጋውን ከቦ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲያወራ ግን ያው ደግነት ድካም ይሆናል። በቀን በተራ አንድ ሁለት ሰው እየገባ፣ ከመሸ በኋላ አንድ አስታማሚ ብቻ ቢቀር ሁለቱም ይጠበቃሉ። ቡናም እንዲሁ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ቡና የጠጡ ሰው በድንገት ሲከለከሉ ራስ ምታትና መነጫነጭ ሊመጣባቸው ይችላል፣ ማታ ሲጠጡት ደግሞ እንቅልፍ ይነሣቸዋል። ሐኪሙ ከፈቀደ የጠዋቱ ስኒ ይበቃል።

በሆስፒታሉ በኩል ያለው ሥራ ገንዘብ ከሚጠይቀው ይልቅ ውሳኔ የሚጠይቀው ይበዛል። የሌሊት መርፌና ልኬታ በአንድ ጊዜ እንዲገጣጠሙ ሰዓት ማስተካከል፣ የተረጋጋ ሕመምተኛን ዐሥር ሰዓት ላይ ለልኬታ መቀስቀስ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙ እንዲወስን ማድረግ፣ የጣራውን መብራት አጥፍቶ በእጅ ባትሪ መሥራት ይቻላል። በአንድ ሌሊት አንዲት ነርስ ሠላሳና አርባ ሕመምተኛ በምትይዝበት ክፍል ግን ይህን ሁሉ በእሷ ትከሻ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይደለም፤ ለውጡ ከክፍል ኃላፊውና መድኃኒት ከሚያዙት ሐኪሞች መጀመር አለበት። የሕመም ማስታገሻም እዚሁ ይገባል፤ «ያፈዝዛቸዋል» ተብሎ ሕመሙ ሳይታከም የሚቀር አረጋዊ አይተኛም፣ የመቃዠት ዕድሉም ይጨምራል። ፓራሲታሞል በሰዓቱ መስጠትና በሚቻልበት ቦታ ነርቭ ማደንዘዝ የሞርፊንን መጠን ይቀንሳሉ።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች አንድ ነገር ይጨመራል። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ሆስፒታል የተኙ፣ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ የማይናገሩ እናት ግራ ተጋብተው እንደሆነ ወይም የተጠየቁት ሳይገባቸው ቀርቶ እንደሆነ ለመለየት አስተርጓሚ ያስፈልጋል። «እናታችን ወትሮ እንዲህ አይደሉም» የሚለው የልጆች ቃል ለባለሙያው ከፍተኛ ዋጋ ያለው መረጃ ነው፤ ደጋግሞ መናገር ተገቢ ነው።

ከመግባት በፊትና ከመውጣት በኋላ

ቀጠሮ በተያዘለት ቀዶ ሕክምና ላይ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ማንኮራፋትን ይመለከታል። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥባቸው ሰዎች፣ በተለይ ሞርፊን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ሲሰጧቸው፣ ኦክስጅናቸው ሊወርድ ይችላል፤ ይህን ከሕመምተኛው ይልቅ የሚያውቀው አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነው። «ሲያንኮራፋ ድንገት ትንፋሹ ይቆምና እንደ መታፈን ብሎ ይነቃል» የሚለው የትዳር ጓደኛ ቃል ለማደንዘዣ ባለሙያው መድረስ አለበት።

መቃዠት ከተጀመረ በኋላ ግን «እንቅልፍ አጥተው ነው» ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው። የኦክስጅን ማነስ፣ ኢንፌክሽን፣ የሽንት መታገድ፣ የጨውና የስኳር መጠን መዛባት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ፤ ሐኪም እነዚህን በዚያው ሌሊት መፈለግ አለበት። ማሰርም በተቻለ መጠን ይቀር፤ የታሰረ ሰው ይበልጥ ይታገላል።

ከሆስፒታል ሲወጡ ደግሞ የመድኃኒቱን ዝርዝር አንድ በአንድ ከሐኪሙ ጋር ማየት ያስፈልጋል። በግርግሩ ሌሊት ለማረጋጋት ወይም ለማስተኛት የተጀመረ ክኒን በወረቀቱ ላይ ሳይሰረዝ አብሮ ቤት ይገባል፤ ከዚያ ማዘዣው እየታደሰ ለወራት ይቀጥላል። «ይህ ለምን ተጀመረ? መቼ ይቆማል?» ተብሎ ለእያንዳንዱ ቢጠየቅ፣ ዲያዜፓም የያዘው ስትሪፕ ከእናት የራስጌ ጠረጴዛ ላይ የሚነሣበት ቀን ከመጀመሪያው ይታወቃል።